የስድስት ሰዓት ዜና

«ራሷ ናት አሉ ያነበበችው።»

«እንዴት ራሷ?»

«በሬዲዮ ነዋ! የገዛ ወንድሟን ሞት።»

«ኧረ በፈጠረሽ!»

«አላወቀችማ። ዜናው ስም አልነበረውም።»

ልጅቷ ከኋላቸው በሩ ላይ ቆማለች። በሁለት እጇ በያዘችው ትሪ ላይ ስምንት ብርጭቆ ሻይ አለ። ሁለቱ ሴቶች ጀርባቸውን ለኮሪደሩ ሰጥተው ስለተቀመጡ አላዩዋትም። ልግባ ወይስ ልመለስ ብላ ስታመነታ ሁለት ብርጭቆዎች ተነካክተው ኪል አሉና ሴቶቹ ባንድ ጊዜ ዞሩ።

«ያጽናሽ፣ የኔ እህት» አለች አንደኛዋ በጥድፊያ። ሻዩን ስትቀበል ጉልበቷ ላይ ደፋችው፤ እንዳቃጠላት ለመናገር ግን አፈረች።

ሐዘኑ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ከየጎረቤቱ የተለቀሙ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ የእንጨት፣ የፕላስቲክ፣ አንድ ደግሞ እግሩ አጠር ያለና ማንም ሁለቴ የማይቀመጥበት። እናትየው ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። መርዶውን ከሰማች ጀምሮ ከዓይኗ አንዲት ጠብታ አልወጣም፤ ይህ ደግሞ ከለቅሶ ይልቅ ሰውን ያስፈራል። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ቀና ትልና ሳትጠየቅ አንድ ነገር ብቻ ትናገራለች።

«በደንብ ነው ያነበበችው። ድምጿ ጥርት ያለ ነበር። አንድ ቃል አልሳተችም።»

ያን ጊዜ አክስትየው ከጎኗ ሆና ጉልበቷን ጫን ታደርጋታለች። «ተይ እህቴ፤ ተይ በሞቴ።»

«ውሸት ነው እንዴ? አንድ ቃል አልሳተችም» ትላለች እናት፤ ማንንም ሳታይ።

ልጅቷ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ወጥ ቤት ትሸሻለች። ቧንቧውን ከፍታ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች። እናቷ ብትሰድባት፣ ብትረግማት፣ ፊቷን ብታዞርባት እንዴት እንደምትችለው ታውቅ ነበር። ለምስጋናዋ ግን መድረሻ አጣች።

ሬዲዮ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት ወንድሟ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች የሰፈሩን ወሬ እየለቀመች ቤት ታመጣ ነበር፤ የማን ቧንቧ እንደፈነዳ፣ የማን ድመት እንደወለደች፣ ዳቦ ቤቱ ለምን እንደተዘጋ። ወንድሟ አሥራ አንድ ዓመት ይበልጣታል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ወርውሮ «እስቲ ሬዲዮዬን ልክፈት» ይልና አፍንጫዋን እንደ ቁልፍ ጠምዘዝ ያደርጋታል። ካልጠመዘዘላት አትጀምርም። ከጀመረች ደግሞ የሚያስቆማት የለም።

አባታቸው ሲሞት ወንድሟ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ወር ሳይሞላ ትምህርቱን ትቶ አንድ ኤሌክትሪሻን ዘንድ ገመድ መሳብ ጀመረ። ሲያማርር የሰማው የለም። እናቱ አንድ ቀን አንጀቷ አልችል ብሏት «ቆጨህ አይደል?» ብትለው «እኔ ለሰው ቤት መብራት አስገባለሁ፤ እሷ ወሬ ታስገባለች። ምን ጎደለን?» ብሎ አሳቃት።

ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ጋዜጠኛ መሆን እፈልጋለሁ ስትል አክስትየው ሆዷን ይዛ ነበር የሳቀችው። «ወሬ ለማውራት ዲግሪ ያስፈልጋል እንዴ? እኔ ያለ ዲግሪ ስንት ዓመቴ!»

ወንድም ጋሼ አልሳቀም። «መቼ ነው የምትጀምሪው?» ብቻ አላት።

መጀመሩ ስምንት ወር ፈጀ። የሬዲዮ ጣቢያው የጥበቃ ሠራተኛ «ዛሬም መጣሽ?» ማለት እስኪሰለቸው ድረስ ማመልከቻ አመላለሰች። በእነዚያ ወራት ቅዳሜ ከሰዓት ወንድሟ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ኋላ ይቀመጥና ባለሥልጣን ይሆንላታል። የእናቱን መነጽር አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ ሆዱን ነፍቶ፣ አንድ ጊዜ የውሃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ይሆናል፣ አንድ ጊዜ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። እሷ የእንጨት ማንኪያ እንደ ማይክ ትደቅንበታለች።

«ክቡር ኃላፊ፣ ሰፈሩ ውስጥ ውሃ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆነ። ለምንድን ነው?»

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። መሥሪያ ቤታችን ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ እጅግ በርካታ፣ ዘርፈ ብዙ...»

«ለምን ጠፋ ነው ያልኩት።»

«እመጣበታለሁ፣ እመጣበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስለ ቧንቧ ምንነት ትንሽ ልበል።»

እናትየው ሽንኩርት እየከተፈች በሳቅ ትፈርሳለች፤ እንባዋ የሽንኩርቱ ይሁን የሳቁ አይለይም። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ወንድም ጋሼ መነጽሩን ያወልቅና ኮስተር ይላል። «ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ለቀቅሽኝ። ፈገግ ስልልሽ አፈርሽና ለቀቅሽኝ። ፈገግ የሚልልሽን ሰው እንዳትለቂ።»

በመጨረሻ ጣቢያው ለሙከራ ተቀበላት። አራት ወር ሙሉ የሌሎችን ቃለ ምልልስ ከቅጂ ወደ ወረቀት ስትገለብጥ ኖራ የመጀመሪያ ዜናዋን አነበበች። ስለ ተዘጋ መንገድ ነበር፤ ሃያ ሁለት ሰከንድ። ወንድም ጋሼ ያችን ሃያ ሁለት ሰከንድ በስልኩ ቀድቶ የስልኩ ጥሪ አደረጋት። ለወራት ሰው በደወለለት ቁጥር ኪሱ ውስጥ መንገድ ሲዘጋ ከረመ።

በሦስተኛው ቀን ዋና አዘጋጇ መጣች።

ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናት ቀጭን ሴት ናት። በጣቢያው ውስጥ የምትፈራው ስለማትጮህ ነው። የተረፈው ወንበር እግሩ አጠር ያለው ብቻ ነበርና እሱ ላይ ተቀመጠች፤ እንዳይወዛወዝ ክብደቷን ወደ አንድ ጎን አድርጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየች። ከዚያ ልጅቷን በዓይኗ ጠቅሳ ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት።

«ስምሽን ከፈረቃው ዝርዝር አላወጣሁትም» አለቻት።

«ያውጡት። አልመለስም።»

«አንብቢው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ስም ሳይኖረው። ጥፋት ካለ የኔ ነው፤ አንቺ አትሸከሚው።»

ልጅቷ ግድግዳው ላይ የተላጠውን ቀለም በጥፍሯ ፋቀች። ዋና አዘጋጇ የማታውቀው ነገር ነበር። ማንም የማያውቀው።

ያን ቀን ረፋድ ዜና ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ዘጋቢ አልነበረም። ትልልቆቹ ሁሉ አንድ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ሄደዋል። ለስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ስልክ ጮኸ። የእሳትና ድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ፣ የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ፣ ሁለት ሰው። ሁለቱም እዚያው አልፈዋል።

«ስም አለ?» አለች ዋና አዘጋጇ።

«ፖሊስ ቤተሰብ ሳይሰማ አልሰጥም አለ።»

«እንግዲያው ያለ ስም። የዛሬው የመጀመሪያ ዜና ይሄ ነው። አንባቢዋ መንገድ ላይ ናት፣ አትደርስም። ውጪና አንቺው አንብቢው።»

ሕንፃውን ታውቀዋለች። ወንድሟ ለሰባት ወር መስመር ሲዘረጋበት የነበረ ሕንፃ ነው። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በፊት ጨርሶ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ። እሱን ራሱን እጠይቀዋለሁ፣ እዚያ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም ብላ አሰበች። ስለ ሕንፃው ያሰበችው ይሄን ብቻ ነበር። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወደ ስቱዲዮ ወጣች።

«በግንባታ ላይ የሚገኝ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ መወጣጫ ዛሬ ረፋድ ላይ ተደርምሶ የሁለት ሠራተኞች ሕይወት አለፈ።»

አንድ ቃል አልሳተችም።

እናትየው በዚያች ሰዓት ወጥ ቤት ነበረች። የልጇን ድምፅ ስትሰማ እጇን በሽርጧ ጠርጋ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገች። ዜናውን ከሰማች በኋላ «ውይ፣ የማን ልጆች ይሆኑ?» አለች፤ ይህን በመስኮት የሰማችው ጎረቤቷ ናት፣ ዛሬ የምትነግረውም እሷ ናት። ቀጥሎ ያን ቀን ለምሳ እመጣለሁ ያላትን የወንድ ልጇን ምሳ በሳህን ከድና ምድጃው አጠገብ አኖረችው። ሁለቱ ፖሊሶች በሩን ሲያንኳኩ ምሳው ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ልጅቷ ሻይ ቤት ሆና ዳቦዋን ስትገምጥ ነው አክስቷ የደወለችው። «ነይ» አለቻት። «ምን ሆናችሁ?» ብትል «ዝም ብለሽ ነይ» አለቻት። አክስትየው ዝም ብለሽ የሚለውን ቃል በሕይወቷ ለማንም ብላ አታውቅም።

ዋና አዘጋጇ ልትሰናበት ወደ ሳሎን ስትመለስ እናትየው ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። ሁሉም የተለመደውን እንደምትናገር ገምቶ አንገቱን ደፋ። እናት ግን ሌላ ነገር ተናገረች።

«ሌላውስ?»

«የቱ ሌላ፣ እህቴ?» አለች አክስትየው።

«ሁለት ሠራተኞች ነው ያለችው። ሁለት። አንደኛው የኔ ነው። ሌላውስ የማን ነው?»

ሃያ ሰው ተቀምጧል፤ አንዱ አንዱን አየ።

«ከልጄ ጋር የሞተ ሰው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስሙን የጠየቀ የለም?» እናት ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች። ከመርዶው በኋላ በቀጥታ ስታያት የመጀመሪያዋ ነበር። «አንቺስ? ጋዜጠኛ አይደለሽም እንዴ?»

ልጅቷ ፊቷ እሳት ሆነ። ድፍን ሦስት ቀን ራሷን በሁሉም ነገር ስትወቅስ ቆይታለች፤ በዚህ አንድ ነገር ግን አልወቀሰችም። ትዝም አላላት።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ፎርማኑ መጣ። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ እያጣመመ የሚቀመጥ ሰው ነው። በፕላስቲክ ከረጢት የሟቹን ዕቃ አምጥቷል፤ ፒንሳ፣ የቤት ቁልፍ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ። ከረጢቱን ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገብቶት ቆይቶ ለልጅቷ አቀበላት።

«እንዴት እንደሆነ ንገረኝ» አለችው እናት።

«እናቴ፣ ይቅርብዎት።»

«የፈለገውን ያህል ክፉ ይሁን። እኔ በልቤ ከምስለው አይብስም። ንገረኝ።»

ፎርማኑ ኮፍያውን እያየ ተናገረ። ወንድም ጋሼን ያን ቀን ያስጠራው እሱ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መብራት ጠፍቶባቸው ለግማሽ ቀን ብቻ። አንድ ግንበኛ አራተኛው ፎቅ ላይ ከውጭ መወጣጫው ላይ ሆኖ ግድግዳ ይለስን ነበር። ከእግሩ ሥር ያለው ሳንቃ ተሰበረ። ግንበኛው በአንድ እጁ ከግድግዳው የወጣ ብረት ይዞ ተንጠለጠለ። ወንድም ጋሼ ጩኸቱን ሰምቶ ከታች በደረጃ ሮጦ ወጣ፤ መስኮቱ ላይ በደረቱ ተኝቶ የሰውየውን እጅ አንጓው ላይ ያዘው።

«ይዤዋለሁ፣ ይዤዋለሁ እያለ ይጮህ ነበር። እኛም ሮጥን። ልንደርስ አንድ ፎቅ ሲቀረን የቀረው መወጣጫ ዘመመና የመስኮቱን ብሎኬት ይዞት ሄደ። እነሱንም። ቢለቀው ኖሮ...» ፎርማኑ ንግግሩን ገታ።

«ቢለቀው ኖሮስ?» አለች አክስትየው። «ጨርሰዋ!»

«ቢለቀው ኖሮ እሱ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር።»

አክስትየው ጭኗን መታች። «ለማያውቀው ሰው! ለባዳ ሰው!»

«ኧረ ያውቀዋል፣ እትዬ። ሰባት ወር ምሳ አብረው በልተዋል።»

ማንም ሳያስተውላት ልጅቷ ከበሩ ወደ ውስጥ ገብታ ፎርማኑ ፊት ቆማለች። ከረጢቱን በአንድ እጇ ይዛለች።

«መወጣጫው መቼ ነው የተፈተሸው?» አለችው።

ፎርማኑ ቀና አለ። አዘነላትና ፈገግ አለ፤ ለሐዘንተኛ የሚሰጠውን ፈገግታ። «እህቴ፣ አሁን ይሄ ምን ያደርግልሻል?»

«መቼ ነው የተፈተሸው?»

«እኔ እንግዲህ... ብዙ ጉዳይ ነው ያለው...»

«ይንቀጠቀጥ ነበር?»

ሰዎች ተያዩ። አክስትየው «ልጄ ምን ነካሽ? ለቅሶ ቤት እኮ ነው!» ብላ ልትነሳ ስትል እናትየው ክንዷን ያዘቻት።

«ተያት። ትጠይቅ።»

የፎርማኑ ፈገግታ ጠፋ። «ሳምንት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተናግረናል።»

«ለማን?»

«ለመሐንዲሱ።»

«በቃል ነው በጽሑፍ?»

«በጽሑፍ። ግንበኛው ነው ያስጻፈኝ። ቅጂው እኔ ዘንድ አለ።» ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። «ሥራዬን አጣለሁ እኮ።»

«ታጣ ይሆናል» አለችው። አላባበለችውም። «ግንበኛው ቤቱ የት ነው?»

እሱ ሰፈሩን ሲነግራት ጎረቤት አንድ እስክሪብቶና የመድኃኒት መጠቅለያ ወረቀት አቀበላት። ፎርማኑ ተነስቶ ሄደ።

የወንድሟን ስልክ መኝታ ቤት ወስዳ ቻርጅ ላይ ሰካችው። የሚነሳ አልመሰላትም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን የተሰነጠቀው መስታወት በራና ከሥሩ አንድ ያልተነበበ መልእክት ወጣ። የራሷ ነው።

«ወንድም ጋሼ!! የድሮ ሥራ ቦታህ አደጋ ደርሷል፣ ሰው ሞቷል። የምታውቀው ካለ ቶሎ ደውልልኝ። ደግሞ ስማ፣ የመጀመሪያውን ዜና የማነበው እኔ ነኝ!!! ስድስት ሰዓት ላይ ክፈተኝ!»

ማንም የማያውቀው ይሄ ነው። ደስ ብሏት ነበር። ሁለት ሰው ሞተ ሲሏት ልቧ በደስታ ዘሎ ነበር። ስድስቱን ቃለ አጋኖ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። መልእክቱ ሲደርስ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮሆ ይሆናል፤ አጠገቡ የቆመ ሰው ሰምቶት ይሆናል። ግንባሯን አልጋው ጠርዝ ላይ አድርጋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሳሎን ውስጥ ሰዎች ስለ ቀብሩ ሰው ብዛት ያወራሉ፤ አንድ ሰው ስኳር አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ በሌላ ቤት የሚደረግ ይመስላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ጫማዋን እስክታደርግ ድረስ እናትየው ስታያት ቆየችና «ለግንበኛው ሚስትም ያጽናሽ በይልኝ» አለቻት።

ልጅቷ ሁለት አውቶቡስ ይዛ ሄደች። የግንበኛው ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ረጅም ግቢ ውስጥ ካሉት አምስት በሮች የመጨረሻው። በሩ ፊት በተዘረጋው ገመድ ላይ የወንድ ሱሪና ሁለት ሸሚዝ ተሰጥቷል። ደርቆ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ጨርቁ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሏል። ያነሳው የለም። ወንበር የተደረደረበት ሳሎን የለም፤ አንድ አግዳሚና የሚወጡ ሁለት ጎረቤቶች ብቻ። ሚስትየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ወጣት ናት፤ ከልጅቷ ቢበዛ በሦስት ዓመት ትበልጣለች።

«እንደምን አደርሽ። ያጽናሽ» አለች ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ።

ሴትየዋ ቀና አለች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ተለዋወጠ። «እስቲ ድገሚው» አለች።

«ምኑን?»

«አንቺ ሬዲዮዋ ነሽ!» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የኤሌክትሪሻኑ እህት። ድምፅሽን አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ማታ ማታ ይነግረኝ ነበር። በምሳ ሰዓት ስልኩን ጡብ ላይ ያቆምና ሁሉም እስኪሰማ ድረስ ማንኪያ የሚያንቀሳቅስ የለም ይለኛል። ሲሚንቶ የሚያቦካው ሳይቀር ያቆማል። አንድ ቀን እዚህ ከፍቶ አሰማኝ። ሳልወድ ስለ ጎርፍ ሰማሁ።» ሳቅ ሊላት ነበር፤ መሃል ላይ ቀረ። ከዚያ ገባት። «ወንድምሽ... ሁለተኛው ወንድምሽ ነው?»

«አዎ።»

«ስም የነገረኝ የለም» አለች። «አንድ ሌላ ሰው አብሮ አለ ነው ያሉኝ።»

ልጅቷ ከጎኗ ተቀመጠች። ፎርማኑ የነገራቸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻት። እጁን አንጓው ላይ ይዞት እንደነበር ስትደርስ ሴትየዋ በቀኝ እጇ የራሷን የግራ አንጓ ጨበጠች።

«ይዞት ነበር?»

«ይዞት ነበር። እስከ መጨረሻው።»

«ለኔ ወደቀ ብቻ ነው ያሉኝ። ብቻውን የወደቀ መስሎኝ...» አልጨረሰችውም። ቆይታ ደግሞ «ታዲያ ወንድምሽ የሞተው በሱ የተነሳ ነው በይኛ» አለች።

ልጅቷ አክስቷ ጭኗን ስትመታ ታያት። «የገደላቸው መወጣጫው ነው» አለች። «ሳምንት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ነበር።»

«ነግሮኛል። ወረቀት አስጽፈናል፣ የሚሰማን ጠፋ ብሎኛል።»

«በስምሽ ይህን ትናገሪያለሽ? በሬዲዮ?»

ሴትየዋ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ሱሪ በበሩ አሻግራ አየችው። «ማን ነው የሚያነበው?»

«እኔ» አለች ልጅቷ። ቃሉ ከአፏ እስኪወጣ ድረስ ይህን አላወቀችም ነበር። ከወጣ በኋላ ደግሞ ሌላው ተከትሎት ወጣ። «አንድ ነገር ልንገርሽና ከፈለግሽ አባርሪኝ። ያን ቀን ስልኩ ሲደወል ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ሰው ሞተ ሲሉኝ። የመጀመሪያውን ዜና ስላገኘሁ። ለሱም ደስ አለኝ ብዬ ጻፍኩለት።»

ከአጠገቡ ክፍል ሳህን ሲታጠብ ይሰማል።

«እኔ ደግሞ» አለች ሴትየዋ በመጨረሻ፣ «በዚያች ሰዓት ውጭ ሆኜ የሱን ልብስ አጥብ ነበር። እዘፍን ነበር። ጎረቤቶቼ ይመሰክራሉ፣ ጮክ ብዬ ነበር የምዘፍነው።»



ልጅቷ ከቦርሳዋ ደብተርና እስክሪብቶ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። «የባለቤትሽን ስም ከነአባቱ ንገሪኝ» አለቻት።

ሴትየዋ ነገረቻት። ልጅቷ የመጀመሪያውን ፊደል ልትጥል ስትል እጇ እምቢ አለ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ አንድ ትንሽ ነጥብ ጥሎ እዚያው ቆመ። ለሁለተኛ ጊዜ ሞከረች፤ አልሄደላትም።

«አምጪው» አለች ሴትየዋ። ደብተሩንም እስክሪብቶውንም ወሰደችና ራሷ ጻፈች። አጻጻፏ ፊደል ካደገ በኋላ የተማረ ሰው አጻጻፍ ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው፣ በኃይል ተጭና፣ ወረቀቱ በጀርባው እስኪያብጥ። ስትጨርስ ቃሉን በዓይኗ አረጋገጠችና ደብተሩን መልሳ ልጅቷ ጉልበት ላይ አኖረችው።

«የወንድምሽንስ?»

ልጅቷ ወረቀቱን አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ ወንድም ጋሼ ስትለው ኖራ ስሙን በእጇ ጽፋው አታውቅም። ከግንበኛው ስም ሥር እስክሪብቶውን አሳረፈችና የመጀመሪያውን ፊደል ጀመረች። ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ደብተሩን ወደ ታች ያንሸራትተዋል። ሴትየዋ ጠጋ አለችና ጠርዙን በሁለት ጣቷ ያዘችላት።